ብሎገር፦ ሐሳቡም አድራሻውም ለማይረጋ ጦማሪ

በአማርኛ የተከፈቱ የግል ጦማሮችን ዞር ዞር ብሎ ላየ ሰው መጨረሻቸው ይመሳሰላል። ሦስት ወር ሞቅ ያለ ጽሑፍ፣ ቀጥሎ «ስለጠፋሁ ይቅርታ» የምትል አጭር ፖስት፣ ከዚያ ጭጭ። ጸሐፊው ሥራ ቀይሯል፣ ወልዷል፣ ወይም ሻንጣውን ሸክፎ ዱባይ ወይ ዋሽንግተን ገብቷል። አንዳንዱ ደግሞ ስለ ቡና ብሎ በከፈተው ገጽ ላይ ስለ ፎቶግራፍ መጻፍ ያምረውና «ለዚህስ ሌላ ልክፈት» ብሎ ሁለቱንም ሜዳ ላይ ይጥላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ብሎገር የተባለው የጦማር መክፈቻ አገልግሎት ይሆነዋል ወይ? መመዘኛው አንድ ነው፦ ባለቤቱ ስምንት ወር ዞር ብሎ ባያየው፣ ሲመለስ እንደ ተወው ያገኘዋል?

ያገኘዋል። የብሎገር ትልቁ ጉልበት ይኸው ነው። ፓይራ ላብስ የተባለ አነስተኛ ድርጅት በ1999 (እ.ኤ.አ.) አወጣው፣ ጉግል በ2003 ገዛው፣ እስካሁን ነፃ ነው። ወር ጠብቆ የሚቆረጥ ክፍያ የለበትም፤ ካልታደሰ የሚበላሽ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) የለም፣ የሚከራዩት ሰርቨርም የለም። ከጉግል አካውንት በቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። ግን አርጅቷል። ዝግጁ ዲዛይኖቹ ጥቂትና የሚመሳሰሉ ናቸው፣ አንባቢ ኢሜይሉን አስገብቶ የሚከታተልበት አገልግሎትም በ2021 ቀርቷል።

ሌላው የጦማር አገልግሎት ዎርድፕረስ ዶት ኮም በመልክ ይበልጠዋል። የኢሜይል ተከታይ ይቀበላል፣ የጽሑፉን የቀድሞ ቅጂዎች ያስቀምጣል፣ አንዷን ፖስት ነጥሎ በፓስወርድ መቆለፍም ያስችላል። ነፃው ዕቅድ ግን ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ የራስን ዶሜይን (የገዙትን የድረ ገጽ ስም) ለማገናኘትም የሚከፈልበት ዕቅድ ውስጥ መግባት ግድ ነው። ክፍያው በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ አገር ቤት ላለ ጸሐፊ ካርዱን ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ሆስት (ጦማሩ የሚቀመጥበትን ሰርቨር) ተከራይቶ ዎርድፕረስ መጫን ደግሞ ደመወዝ በተቋረጠ ዓመት ጦማሩም አብሮ እንዲቋረጥ መፈረም ነው።

ወደ ብሎገር ጉድለቶች እንምጣ። ብሎገር አማርኛን ያሳያል እንጂ አያውቀውም። አብዛኛው ችግር በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ሥራ ይስተካከላል፤ ያኔ ከታለፈ ዋጋውን የሚያስከፍለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የፖስት አድራሻ። ብሎገር ሊንኩን የሚሠራው ከርዕሱ ውስጥ የላቲን ፊደላትን ለቅሞ ነው። ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ የሚለቅመው ያጣና «ብሎግ ፖስት» ብሎ ቁጥር ይቀጥልለታል። ሃምሳ ጽሑፍ ሲሞላ ሃምሳውም ሞክሼ ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ከሊንኩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከማተም በፊት በቀኝ በኩል ካለው ዝርዝር «ፐርማሊንክ»ን፣ ቀጥሎ «ከስተም ፐርማሊንክ»ን ተጭናችሁ ሁለት ሦስት ቃል በላቲን ፊደል፣ በመካከላቸው ሰረዝ እያደረጋችሁ ጻፉ። ከታተመ በኋላ መቀየር የተሰራጨውን ሊንክ መግደል ነው። ዎርድፕረስ እዚህ ላይ በሌላ መንገድ ይሳሳታል፦ የግዕዙን ፊደል ይቀበልና አንዱን ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይመነዝረዋል። «ሰላም» የምትለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል ቴሌግራም ላይ ስትለጠፍ በፐርሰንት ምልክት የታጨቁ 27 ምልክቶች ትሆናለች። የአድራሻው ጣሪያ 200 ምልክት ስለሆነም ርዕሱ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። መፍትሔው እዚያም ያው ነው፤ በእጅ ማስተካከል።

ሌብል፣ ማለትም ፖስቶችን በርዕሰ ጉዳይ የሚለየው ስም፣ ለብዙ ፍላጎት ሰው ዋናው መሣሪያ ነው፤ ብዙው ስህተትም የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ዝንባሌ አዲስ ጦማር መክፈት ቀላል ቢመስልም ሦስት ጦማር ያለው ሰው ሦስቱንም በተራ ይረሳል። አንድ ጦማር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሌብል ይበቃል። ብሎገር ለአንድ ፖስት እስከ 20 ሌብል ይፈቅዳል፤ ሁለት ካለፈ ግን መለያነቱ ይቀራል። የጦማሩን አድራሻም በርዕሰ ጉዳይ አትሰይሙት። «የቡና ማስታወሻ» ያለ ሰው ከዓመት በኋላ ስለ ልጅ አስተዳደግ መጻፍ ሲፈልግ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። ብሎገር በነፃ የሚሰጠውን የብሎግስፖት አድራሻ ኋላ መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን አሮጌው ወደ አዲሱ አይመራም፣ የነበሩት ሊንኮች በሙሉ ይሞታሉ።

ሌብል ሲጻፍ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ነጠላ ሰረዝ ነው። ብሎገር ሌብሎችን የሚለያየው በፈረንጁ ኮማ ብቻ ነው። በአማርኛ ኪቦርድ «ንባብ፣ ጉዞ» ብላችሁ ብትጽፉ ሁለት ሌብል አይሆንላችሁም፤ «ንባብ፣ ጉዞ» የሚባል አንድ አዲስ ሌብል ይፈጠራል፣ ፖስቱም በ«ንባብ» ሥር አይገኝም። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። እኛ «ሥዕል»፣ «ስዕል» እና «ሥእል»ን አንድ አድርገን እናነባለን፤ ማሽኑ ግን ሦስት ሌብል አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የጦማሩ መፈለጊያም እንዲሁ ነው፦ «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ «ጸሐይ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ የሌብሎቹን ፊደል አንዴ ወስናችሁ ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ አስቀምጡና ሁልጊዜ ከዚያ እየቀዳችሁ ለጥፉ። አስቀድሞ ተበላሽቶ ከሆነ በፖስቶች ዝርዝር ላይ የተሳሳቱትን በአንድ ላይ መርጦ በሌብል ምልክቷ አዲሱን መጨመርና አሮጌውን ማንሳት ይቻላል። አንድ በአንድ መክፈት አያስፈልግም።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የሌብል ገጾች የሚከፈቱት በጦማሩ የፍለጋ አድራሻ ሥር ነው። ብሎገር ደግሞ ጦማሩ ሲፈጠር ጀምሮ የፍለጋ ሮቦቶች ወደዚያ ክፍል እንዳይገቡ ይከለክላል። ስለ ጓሮ አትክልት ሃያ ፖስት ቢኖራችሁ እንኳ «ጓሮ» የሚለው የሌብል ገጽ ጉግል ላይ በወጉ እንዲወጣ መጠበቅ አይገባም። ማካካሻው «ማውጫ» የሚል ቋሚ ገጽ ከፍቶ ፖስቶቹን በየርዕሰ ጉዳዩ በእጅ መደርደር ነው። በወር አንዴ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። ጥቅሙም ለአንባቢ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲመለስ የቱን ጀምሮ የቱን እንዳቋረጠ የሚያይበት መስታወት ነው።

የፊደሉ መልክ በአጭሩ። አብዛኞቹ የብሎገር ዲዛይኖች የመረጧቸው ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ አንባቢው የሚያየው መሣሪያው ውስጥ የተገኘውን ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ናያላ ወይም ኢብሪማ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። ከጉግል ፎንትስ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን ማስገባት መልኩን አንድ ያደርገዋል። «ቲም»፣ «ከስተማይዝ»፣ «አድቫንስድ»፣ «አድ ሲኤስኤስ» በሚለው መንገድ ገብታችሁ የጽሑፉን መጠን ወደ 17 ወይም 18 ፒክሰል፣ የመስመሩን ከፍታ ወደ 1.7 ከፍ አድርጉት። ለላቲን የተለካው መስመር ለእኛ ፊደል ይጠባል። ያጋደለ ጽሑፍ አትጠቀሙ፤ ግዕዝ ሲያጋድል ሊወድቅ የደረሰ አጥር ይመስላል። ለማጉላት ትምህርተ ጥቅስ ይበቃል። የሰዓት ክልሉንም እዩት። አዲስ ጦማር ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ተሞልቶ ነው የሚጀምረው፤ መስከረም 1 ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የወጣ የእንቁጣጣሽ ፖስት የጳጉሜን ቀን ተለጥፎበት ይወጣል።

ጽሑፉን ብሎገር ውስጥ ባትጽፉት ይመረጣል። ድራፍቱን በየጊዜው በራሱ ይመዘግባል፣ የቀድሞ ቅጂ ግን አያስቀምጥም፤ በስልክ ላይ በስህተት ሁሉም ተመርጦ ቢጠፋና ባዶው ቢመዘገብ መመለሻ የለውም። ጉግል ዶክስ ወይም የስልኩ ማስታወሻ ላይ ጻፉና ኮምፒውተር ላይ ስትለጥፉ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪን በአንድ ላይ ተጫኑ፤ የፎንት ኮተቱን ሳያመጣ ጽሑፉን ብቻ ይለጥፋል። ዩኒኮድ (ዛሬ መሣሪያዎች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ባልሆነ አሮጌ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ያላችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት፤ አለዚያ የሚወጣው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው።

ኑሮ ሲቀየር ጦማር የሚሞትበት ዋና ምክንያት ስንፍና ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ስልክ ቁጥር ነው። አካውንቱ የተከፈተው በኢትዮጵያ ቁጥር ነው፣ ባለቤቱ ቤይሩት ወይም ሚኒሶታ ገብቷል፣ ካርድ ያልተሞላበት ሲም ተዘግቷል። አዲስ ስልክ ላይ ሲገባ ጉግል ኮዱን የሚልከው ወደ ተዘጋው ቁጥር ነው። ከመንገድ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ በጉግል አካውንት የደኅንነት ገጽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ከፍታችሁ የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትሙ፤ አሥር ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ስምንት አሃዝ፣ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛ፣ በብሎገር ሴቲንግ ውስጥ «ፐርሚሽንስ» ሥር ሌላ የራሳችሁን ኢሜይል ወይም የምታምኑትን ወንድም ወይም እኅት ጋብዙ፣ ግብዣው ተቀባይነት ሲያገኝ ደረጃውን ወደ «አድሚን» ከፍ አድርጉት። «ኦተር» ሆኖ ከቀረ መጻፍ እንጂ ማስተዳደር አይችልም፤ ይህቺን የሚረሳ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ በጉግል አካውንት «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» ላይ 3፣ 6፣ 12 ወይም 18 ወር መርጣችሁ ዝምታው ሲረዝም የሚነገረው ሰው መዝግቡ። ስምንት ወር መጥፋት ምንም አያመጣም ብለናል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን አካውንት ግን ጉግል ሊሰርዘው ይችላል፤ ይህን መተግበር የጀመረው በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ነው። አንዴ መግባት ብቻ ቆጠራውን ይመልሰዋል።

ለዝምታው ጊዜ ብሎገር ሁለት ጥሩ ነገር አለው። አንዱ ቀን ቆርጦ ማሳተም ነው፤ ከወሊድ ወይም ከጉዞ በፊት አራት አጭር ፖስት በየሦስት ሳምንቱ እንዲወጡ አሰልፎ መሄድ ይቻላል። ሌላው አስተያየት ማጣራት ነው፤ «ሳምታይምስ» የሚለውን መርጣችሁ 14 ቀን ካላችሁት፣ ከዚያ በቆዩ ፖስቶች ላይ የሚጻፍ ሁሉ እናንተ ሳታዩት አይወጣም። ባለቤት የሌለው ጦማር ላይ የብድርና የቁማር ማስታወቂያ የሚከመረው በአሮጌ ፖስቶች ላይ ነው።

የሚጎድለው ነገር እውነት ይጎድላል። አንዲት ፖስት ለቤተሰብ ብቻ ማድረግ አይቻልም፤ ወይ ጦማሩ ሁሉ ይዘጋል፣ ወይ ፖስቷ ወደ ድራፍት ትመለሳለች። ትዳርና ሥራ ሲቀየር አሮጌ ጽሑፍ መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ለእሱ ዎርድፕረስ ይሻለዋል። የራስን ዶሜይን ማገናኘት በብሎገር በኩል ነፃ ቢሆንም የዶሜይኑ የዓመት ክፍያ አለ፤ በችግር ዓመት ካልታደሰ ሌላ ሰው ሊገዛው ይችላል። የ«ዶት ኮም» ስም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። ያንን የማይችል በብሎግስፖት አድራሻ ቢቆይ አያፍርም።

«አንባቢው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ጦማር ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ቻናል ግን በር እንጂ ጓዳ አይሆንም። አንድ መልእክት ከ4096 ፊደል አያልፍም፣ ፎቶ ሥር የሚጻፈው ደግሞ በነፃው አካውንት ከ1024፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፋችሁትንም አዲስ አንባቢ ወደ ላይ እየጎተተ አያገኘውም። መግቢያውን ሁለት አንቀጽ ቻናሉ ላይ፣ ሙሉውን ጦማሩ ላይ አድርጉ። ቻናሉን ለሌላ አካውንት ለማስተላለፍ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት የተከፈተ መሆን አለበት፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ቅጂ መያዝ አትርሱ። ብሎግስፖት ኢትዮጵያ ውስጥ ለዓመታት ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን መንገር አያስፈልገውም። የአካውንት ቅጂ የሚወርድበት ጉግል ቴክአውት ላይ ገብታችሁ ከዝርዝሩ ብሎገርን ብቻ ምረጡ፣ በየሁለት ወሩ ለአንድ ዓመት እንዲያዘጋጅ እዘዙት። ማውረጃው ሊንክ በኢሜይል ይመጣል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላ ስለሚያበቃ በመጣበት ቀን አውርዱት። ጽሑፉን በያዘው ፋይል ውስጥ የፖስቶቹ ፎቶዎች በአድራሻቸው ብቻ ነው የሚጠቀሱት፤ ስለዚህ ዋናዎቹን ፎቶዎች በፖስቱ ስም በተሰየመ ፎልደር ለብቻ አስቀምጡ።