14 ወር ከ1954ቱ ኤንኤስዩ ማክስ ጋር (አብዛኛው ዕቃ ፍለጋ ነበር)

ማክስ የሚባለውን የኤንኤስዩ ሞተርሳይክል ከገዛሁት 14 ወር ሞላው። የነዳሁት ግን 1,100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ እሱንም በስልኬ ነው የቆጠርኩት ጌጁ (ፍጥነትና ኪሎሜትር የሚያሳየው) ስለማይሰራ። ከ14ቱ ወር ስምንቱን ጋራዥ ቆሞ ነው ያሳለፈው፣ እኔ ደግሞ ከፊቱ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ ስጎረጉር። ስለዚህ ስለ አነዳዱ ብቻ የምትጠብቁ ትንሽ ታገሱኝ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለማታውቁት፣ ኤንኤስዩ የሚለው ስም የወጣው ኔካርዙልም ከምትባል ደቡብ ጀርመን ካለች ከተማ ነው። በ1873 የሹራብ መስሪያ ማሽን እየሰሩ ጀመሩ፣ በ1901 ወደ ሞተርሳይክል ገቡ፣ በ1955 በዓለም አንደኛ አምራች ነበሩ፣ በ1969 ደግሞ የአውዲ መኪና አምራች ከነበረው ከአውቶ ዩኒየን ጋር ተቀላቀሉና ስሙ ቀስ በቀስ ጠፋ። ዛሬ እዛች ከተማ ብትሄዱ የምታዩት የአውዲ ፋብሪካ ነው። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ስለሆነ ብዙም አይርቀኝም፣ እዛ ያለውን የሞተርሳይክል ሙዚየም ሁለቴ ሄጄ አይቻለሁ፣ ሁለተኛው ጊዜ ለጉብኝት ሳይሆን የኋላ ፍሬኑን ፎቶ ለማንሳት ነበር፣ ዘበኛው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ማክስ 247 ሲሲ፣ አንድ ፒስተን፣ 17 ፈረስ ጉልበት ነው። ያሳበደኝ ሞተሩ ነው። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ያለው ከላይ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ነው፣ ግን የሚያዞረው ካቴና አይደለም። ሁለት ቀጫጭን ቢዬላ የመሰሉ ዘንጎች ናቸው ከታች ወደ ላይ እየገፉ እየሳቡ የሚያዞሩት። የእናቴ ሲንጀር ፔዳል ጎማውን በዘንግ እንደሚያዞረው ማለት ነው፣ እሱን አይቶ ላደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። አልበርት ሮደር የሚባል ኢንጂነር ነው ያወጣው፣ ኡልትራማክስ ይሉታል። የሚላላ ካቴና የለ፣ የሚጮህ ነገር የለ። በ1955 ሄርማን ፓውል ሙለር የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት ስፖርትማክስም ከዚሁ ሞተር የወጣ ነው።

እና ሰውዬው "ሱፐርማክስ" ብሎ ነው የሸጠልኝ፣ 2,800 ዩሮ። ወረቀቱ ላይ 1954 ይላል። ሱፐርማክስ ማለት ደግሞ የማክስ የኋለኛው ሞዴል ነው፣ የተሰራው ከ1956 እስከ 1963 ነው። ይሄን የዛን ቀን አላውቅም ነበር፣ ደስ ብሎኝ ጭኜው መጣሁ። ለእናቴ በቪዲዮ ሳሳያት ትንሽ ዝም አለችና "ልጄ፣ ቁራሌው ነው እንዴ የሰጠህ?" አለችኝ። ሸጥኩልህ ሳይሆን ሰጠሁህ የሚል ቁራሌ ቢኖርማ።

ዋናው ስህተቴ እዚህ ጋ ይጀምራል። ያለኝን ሳላውቅ ዕቃ ማዘዝ ጀመርኩ። ኢንተርኔት ላይ "ለኤንኤስዩ ማክስ" የሚል የፍሬን ሸራ አገኘሁ፣ ለፊትም ለኋላም አዘዝኩ፣ መጣ፣ የኋላው ልክክ አለ የፊቱ ጭራሽ አይገባም። መለስኩትና ሌላ አዘዝኩ። አሁን የፊቱ ገባ፣ የኋላው እምቢ አለ። ሻጩ የተሳሳተ ዕቃ እየላከ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ተናድጄ ነበር፣ ኢሜይሉንም ጠንከር አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ያዳነኝ ሀይልብሮን አጠገብ ያለ መንደር የሚኖር አዛውንት ነው። ኢሜይል የለውም፣ ስልክ ብቻ፣ እሱም ከምሳ በፊት። ደውዬ "ፍሬን ሸራ እፈልጋለሁ" ስለው ዋጋ አልነገረኝም፣ "መጀመሪያ የሻሲውን ቁጥር አንብብልኝ" አለኝ። አነበብኩለት። "የሞተሩንስ?" አነበብኩለት። ከዛ "በል አሁን ሂድና የፊቱን ሃብ እየው፣ የፍሬኑ ከበሮ የቸርኬውን መሃል ሙሉ ይሞላዋል ወይስ በአንድ በኩል ብቻ ነው?" ሄጄ አየሁ፣ በአንድ በኩል ብቻ። "የኋላውስ?" ሙሉ። ሳቀ። ለካ ሻሲውና የፊቱ የመጀመሪያው ማክስ ነው፣ የኋላ ቸርኬው ከሚቀጥለው ሞዴል ከስፔሻልማክስ የተገጠመ ነው። ከ70 ዓመት ውስጥ አንዱ ቀን አንዱ ሰው ያገኘውን ገጥሞበት ነው የሄደው። ሱፐርማክስማ ከኋላ በግራና በቀኝ ሁለት አሞርዛተር አለው፣ የኔ ከመሃል የተደበቀ አንድ ሞላ ብቻ ነው ያለው፣ ይሄን ቀድሜ ባውቅ ከሻጩ ላይ 500 ዩሮ አስወርድ ነበር።

ያን ቀን ማታ ደብተር ገዛሁ። እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንስቼ፣ ላዩ ላይ የተመታ ቁጥር ካለ ጽፌ፣ በካሊፐር ለክቼ አስገባሁ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ከዛ በኋላ የተሳሳተ ዕቃ አንድ ብቻ ነው የገዛሁት፣ እሱንም ስቸኩል ነው።

ደብተሩ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር፣ ግማሹ ዕቃ "የማክስ ዕቃ" አለመሆኑን ነው። ኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ውሰዱ። ላዩ ላይ 6204 የሚል ካለ ውስጡ 20፣ ውጪው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር ማለት ነው፣ በየትኛውም አገር ያው ነው፣ ኩሽኔታ ሱቅ ሄዳችሁ በጥቂት ዩሮ ትገዛላችሁ። ያንኑ በ"ኦሪጅናል ኤንኤስዩ" ከረጢት የሚሸጡት በሦስት እጥፍ ነው። ኦይል ሲልም (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ላስቲክ) በልኬት ይገኛል። ካርቡራተሩ ቢንግ የሚባለው የኑረንበርግ ኩባንያ ስራ ነው፣ ዕቃውም ይገኛል። ጎማና ካላማዳሪም አላስቸገረኝም።

የሚያስቸግረው ሌላው ነው። አዲስ እየተሰራ የሚሸጠው የላስቲክ ዕቃ አንዳንዱ በስድስት ወር ተሰነጣጠቀብኝ፣ ከ70 ዓመቱ አሮጌው ብሶ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ደግሞ ልክ ይመስላል፣ ግን ማሰሪያው አንድ ጣት ያህል ይወጣል፣ አስበይጄ ነው ያስገባሁት።

ማንሃይም በየጥቅምቱ ቬተራማ የሚባል የአሮጌ መኪናና ሞተር ዕቃ ገበያ አለ። ምናለሽ ተራን አስቡና አስር እጥፍ አድርጉት፣ ጭቃውም አይቀርም። መሬት ላይ ሸራ ተነጥፎ ዳዶው፣ ቡሎኑ፣ ሰርባቶዮው፣ የዛገ ሻሲው ተዘርግቷል። ጠዋት በ12 ሰዓት በባትሪ እያበሩ የሚዞሩ አሉ፣ ጥሩ ዕቃ በነሱ ነው የሚያልቀው። እኔ በሦስት ሰዓት ደርሼ የፍሪሲዮን ሞላ፣ የፊት ፋኖስ ቀለበትና ሁለት ያልተነካ ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መሃል የሚገባው ማሸጊያ) በ55 ዩሮ አገኘሁ፣ ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ስለነበር እዛው ለክቼ። ክርክሩ ላይ አገሬ ያደግኩት ጠቀመኝ፣ ጀርመኑ 80 ሲል "ኧረ ተው" የሚል ፊት ማሳየት በየትኛውም ቋንቋ ይሰራል።

ስለ ታርጋ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጀርመን ከ30 ዓመት በላይ ላለው ተሽከርካሪ መጨረሻው ላይ ኤች ያለበት የኦልድታይመር ታርጋ አለ፣ ለሞተርሳይክል ግብሩ በዓመት 46.02 ዩሮ ነው። ሁሉም ይሄን አውጣ ይላል። ግን ለ247 ሲሲ ተራው ግብር በ25 ሲሲ 1.84 ሲሰላ 18.40 ዩሮ ነው! ስለዚህ ለትንሽ ሞተር ኤች ለውበት ካልሆነ ኪሳራ ነው። እኔ ተራውን አወጣሁ።

አነዳዱ? ጥሩ ነው። በ80 ዘና ብሎ ይሄዳል፣ ከዛ በላይ ይችላል ግን ፍሬኑን አስቤ እኔ አልፈልግም። ድምጹ ረጋ ያለ፣ ከስር ሹ ሹ የሚል ነገር አለው። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና የተሸፈነ ስለሆነ ሱሪ አያቆሽሽም። መብራቱ ባለ 6 ቮልት ነው፣ ሻማ ይሻላል፣ ማታ አልነዳውም። ጠዋት ጠዋት በሁለተኛው እርግጫ ይነሳል፣ ከጋለ በኋላ ካቆማችሁት ግን ያኮርፋል፣ ካንዴላውም ካርቡራተሩም ተቀይሮ ያው ነው፣ አዛውንቱ "ኮይሉ ነው" (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው) ብሎኛል፣ ገና አልደረስኩበትም።

እስካሁን ለዕቃ ብቻ 1,340 ዩሮ ወጥቷል። ከዚህ ውስጥ 300 የሚሆነው ከደብተሩ በፊት የሰራሁት ስህተት ነው።

የቀረኝ ጌጁ ነው። የማክስ ጌጅ ፋኖሱ ውስጥ የተቀበረ ነው፣ ያለኝ መርፌው 40 ላይ ደርቆ ቀርቷል፣ ስቆምም 40 ስሄድም 40። ሁለት አግኝቼ ነበር፣ አንዱ ዙሪያው በሁለት ሚሊሜትር ይበልጣል፣ ሌላው ማክሲ የሚባለው የ175 ሲሲው ሞዴል ነው ብሎ አዛውንቱ በስልክ ከለከለኝ። የዘንድሮው ቬተራማ በ12 ሰዓት እደርሳለሁ፣ ባትሪውን ገዝቻለሁ።