ብዙ ፋይል በአንዴ ለማስገባት፦ አር፣ ስታታ ወይስ ሳስ?

ከየወረዳው የመጡ ሰላሳ የሲኤስቪ (CSV፣ በኮማ የተለየ ሰንጠረዥ) ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አሉ እንበል። ወደ አንድ ሰንጠረዥ ማምጣት አለብዎት። ሦስቱም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች፣ አር (R)፣ ስታታ (Stata) እና ሳስ (SAS)፣ ይህን ይችላሉ። የሚለያዩት ፋይሎቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ በሚያደርጉት ነገር ነው።

መጀመሪያ ዋጋ። አር ነፃ ነው። ስታታና ሳስ ፈቃድ ይገዛላቸዋል፤ አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ ዶላር ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሳስ ለተማሪና ለመምህር በኢንተርኔት የሚሠራ ነፃ አማራጭ አለው፤ ኔትወርክ ሲሄድ ግን ሥራውም ይቆማል።

አር ላይ ሦስት መስመር ኮድ ይበቃል። «ሊስት ፋይልስ» (list.files) ስሞቹን ይሰበስባል፣ ከ«ዳታ ቴብል» (data.table) ጥቅል የሚመጡት «ፍሪድ» (fread) ያነባል፣ «አርባይንድሊስት» (rbindlist) አንዱን ከሌላው ሥር ይቀጥላል። የትኛው ረድፍ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ የሚያሳይ ዓምድም ያስጨምሩታል። ጣጣው ዝምታው ነው። በሃያ ዘጠኙ ፋይል ዕድሜ በቁጥር ተሞልቶ በአንዱ «አይታወቅም» የሚል ከገባበት፣ ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎት ያልፋል። የሚነቁት አማካይ ሊያሰሉ ሲሉ ነው።

ስታታ እዚህ ጋ ይጮኻል። ፋይል በሚቀጥለው ትእዛዝ «አፔንድ» (append) ሲሉት ዕድሜ በአንዱ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ከሆነ ስህተት አውጥቶ ቀጥ ይላል። ያናድዳል፤ ግን ደስ ይለኛል። «ፎርስ» (force) ብለው ካስገደዱት የማይስማማውን ባዶ ያደርገዋል፣ ስለዚህ አያስገድዱት። ኮዱ ከአር ይረዝማል፦ እያንዳንዱን ሲኤስቪ በሉፕ (በተደጋጋሚ ትእዛዝ) አንብቦ፣ በራሱ ፎርማት አስቀምጦ ነው አንዱን ከሌላው የሚቀጥለው።

ሳስ ፋይል ስም ላይ የኮከብ ምልክት (*) ሲያይ ሁሉንም በተከታታይ ያነባል። ከሁለተኛው መስመር ጀምር ቢሉት ግን የሚዘለው የመጀመሪያውን ፋይል የዓምድ ርዕስ ብቻ ነው፤ የቀሩት ርዕሶች እንደ ዳታ ይገባሉ። የሚመረጠው ዳታው ከኮምፒውተሩ ሚሞሪ ሲበልጥ ነው፣ ከዲስክ ላይ ስለሚሠራ።

የወረዳ ኮድ ነገርም አለ። 01 የነበረው፣ ካልነገሯቸው፣ ፍሪድም ስታታም ጋ 1 ሆኖ ይገባል። ኮድን ሁልጊዜ እንደ ጽሑፍ ያስነብቡ።

ከዜሮ ለሚጀምር ሰው አርን እመክራለሁ። ቢሮው ስታታ ያለው ግን አይቀይር። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ለሚሠራማ ስታታ ይመቻል፤ የ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 (እ.ኤ.አ.) ዙሮች ፋይሎች በስታታ ፎርማትም ይገኛሉ። አርም «ሄቨን» (haven) በተባለ ጥቅል ይከፍታቸዋል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆኑ በወር ብዛት ተቆጥረው በተመዘገቡት ላይ፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመቀየር፣ 92 መደመር የእርስዎ ሥራ ነው። ስታታን የሚገዙ ከሆነ ደግሞ እትሙን ይዩ፦ ርካሹ ቢኢ ከ2,048 በላይ ተለዋዋጭ (ዓምድ) አይዝም፣ የጥናቱ የሴቶች ፋይል ደግሞ በጣም ሰፊ ነው። ኤስኢ እስከ 32,767 ይይዛል።