«በጎግል አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚል ውል ከመፈረማችሁ በፊት

አነስተኛ ንግድ ኖሯችሁ ዌብሳይት ከከፈታችሁ ይህ መልእክት ሳይደርሳችሁ አይቀርም፦ «ዌብሳይታችሁን አይተነዋል፣ ብዙ ጉድለት አለበት። በአንድ ወር ውስጥ ከጎግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣዋለን፤ ዋስትና እንሰጣለን።» አንዳንዴ በኢሜይል ይመጣል፣ አንዳንዴ በቴሌግራም፣ ሲብስ ስልክ ይደወላል። ላኪው አብዛኛውን ጊዜ ዌብሳይታችሁን ከፍቶም አያውቅም፤ ያንኑ ጽሑፍ ስም እየቀየረ ለሁሉም ይበትነዋል። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ሊፈርመው የተዘጋጀውን እንዲህ ያለ ውል «እስቲ እየው» ብሎ ሰጠኝ። ያስደነገጠኝ ዋጋው አልነበረም። ዶሜኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ)፣ የሚጻፉት ጽሑፎችና አካውንቶቹ በሙሉ በአገልግሎት ሰጪው ስም እንደሚመዘገቡ የሚናገር አንድ አንቀጽ ወደ መጨረሻው ተሸጉጦ አገኘሁ።

ኤስኢኦ፣ ማለትም ዌብሳይት በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ የማዘጋጀት ሥራ፣ ራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት፣ በስልክ በደንብ እንዲነበብ፣ ርእሱ ውስጡ ያለውን እንዲናገር፣ ደንበኛ የሚጠይቀውን እንዲመልስ ማድረግ ነው፤ ጨዋ ሥራ ነው። የማስጠነቅቃችሁ ከዋስትናው ነው። ከዋስትናውም በላይ ሰዎቹ ገንዘባቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ በእናንተ ስም ከሚቀረው ጣጣ።

ዋስትናውን እንይ። ጎግል ለዌብሳይት ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይ አንደኛ ደረጃን ማንም ሊያረጋግጥ እንደማይችል ራሱ ጽፏል። ደረጃ ከፍ ለማድረግም ገንዘብ አይቀበልም። ስለዚህ «ከጎግል ጋር ልዩ ግንኙነት አለን» የሚል ሰው ከገጠማችሁ ወሬውን እዚያው ቁረጡት። የሚከፈልበት ቦታ ማስታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል፣ መክፈል ስታቆሙ ይጠፋል። አንዳንዱ ሻጭ ከምትከፍሉት ላይ ጥቂት ቆንጥሮ ማስታወቂያ ይገዛና «ይኸው፣ ከላይ ናችሁ!» ይላችኋል። ስለ ጊዜውም ቢሆን፣ የጎግል ባለሙያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ቪዲዮ ላይ ማሻሻያ ተደርጎ ውጤቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚፈጅ ተናግረዋል። የአንድ ወሩ ተስፋ ከየት እንደመጣ እንግዲህ ሻጩ ይወቀው።

ታዲያ አንዳንዶቹ ዋስትናውን «ፈጸምን» የሚሉት እንዴት ነው? አንደኛ የምትወጡበትን የፍለጋ ቃል የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ውሉ «በ10 ቁልፍ ቃላት አንደኛ ገጽ» ይላል፤ ቃላቱ ሲታዩ ግን አንዱ የድርጅታችሁ የራሱ ስም ነው (በስማችሁማ ድሮም የምትወጡት እናንተው ናችሁ)፣ ሌሎቹ ደግሞ ማንም ሰው ጎግል ላይ ጽፏቸው የማያውቃቸው ስድስትና ሰባት ቃል የተደረደረባቸው ሐረጎች። ተወዳዳሪ በሌለበት ውድድር አንደኛ መውጣት ከባድ አይደለም። ስክሪንሾት ይላክላችኋል፣ አንደኛ ናችሁ፣ ስልካችሁ ግን አይጮህም። ስክሪንሾቱ ራሱ ማስረጃ አይሆንም፤ ጎግል ውጤቱን እንደ ፈላጊው ቦታ፣ ቋንቋና መሣሪያ ይለያየዋል።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ሰርች ኮንሶልን ክፈቱ። ከጎግል በነጻ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ሰዎች በየትኛው ቃል ፈልገው እንዳገኟችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደታያችሁ፣ ስንት ጊዜ ሊንካችሁን ተጭነው እንደገቡ፣ አማካይ ደረጃችሁ ስንት እንደሆነ እስከ 16 ወር ወደኋላ ያሳያል። በዚህ ላይ ተመሥርተን እንነጋገር ስትሉት ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። በሪፖርቱ ላይ «የዶሜን ጥንካሬ ከ8 ወደ 25 አደገ» የሚል ቁጥር ቢያሳያችሁም አትደነቁ፤ ያንን ነጥብ የሚያሰሉት ሌሎች ኩባንያዎች ናቸው፣ ጎግል ደረጃ ለመስጠት አይጠቀምበትም። የኪይዎርድ ሜታ ታግ (በገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ፣ ለጎብኚ የማይታይ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) መሙላትንም ዛሬም እንደ ትልቅ ሥራ የሚያስከፍሉ አሉ። ጎግል ግን በፍለጋ ደረጃ አሰጣጡ ላይ እንደማይመለከተው የተናገረው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ ሊንኩ። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ያቀረቡት የፔጅራንክ ሐሳብ፣ ከሌላ ዌብሳይት ወደ እናንተ የሚመጣን ሊንክ እንደ ምስክርነት ይቆጥራል። ምስክርነት ዋጋ ካለው የሚሸጥ ምስክር አይጠፋምና የሊንክ ገበያ ተፈጠረ። «በወር 500 ባክሊንክ» (ከሌሎች ገጾች ወደ እናንተ የሚመጣ ሊንክ) የሚለው የፓኬጁ መስመር ይኸው ነው። ሊንኮቹ የሚመጡት ማንም ከማያነባቸው፣ ሻጩ ራሱ ለዚሁ ብሎ ከከፈታቸው ገጾች ነው። አንዳንዱም በኪራይ መልክ ነው የሚሰጠው፤ የወር ክፍያው ሲቆም ሊንኩም ይነቀላል።

ይህ የጎግልን ደንብ ይጥሳል፤ ተጠያቂው ደግሞ ሊንኩን የገዛው ባለሙያ ሳይሆን ዌብሳይቱ ነው። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ታይምስ፣ ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ቸርቻሪ ከሥራው ጋር በማይገናኙ በሺዎች በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ሊንክ እንደተገዛለት አጋለጠ። ኩባንያው አላዘዝኩም ብሎ የኤስኢኦ ድርጅቱን አሰናበተ። ቅጣቱ ግን የራሱ ነበር፦ ለሳምሶናይት ሻንጣ ፍለጋ ምሽት ላይ አንደኛ የነበረው ገጽ በ2 ሰዓት ልዩነት 71ኛ ላይ ተገኘ። ያን ያህል ግዙፍ ድርጅት ተጎድቶ ይነሳል፤ ደንበኛው ሁሉ በፍለጋ የሚመጣለት ትንሽ ንግድ ግን ያን ያህል መቆያ የለውም።

በሚያዝያ 2012 እ.ኤ.አ. ጎግል ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ በተገዛ ሊንክ የቆሙ ብዙ ዌብሳይቶችን ጣለ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሠራሩ ለስለስ ብሏል፤ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ሊንኮችን ቆጠራ ውስጥ ሳያስገባ ያልፋቸዋል። ይህ ማለት እንግዲህ እድለኛ ከሆናችሁ ገንዘባችሁን ለምንም ከፈላችሁ ማለት ነው። እድለኛ ካልሆናችሁ የጎግል ሠራተኛ ራሱ አይቶ በዌብሳይቱ ላይ የሚወስደው እርምጃ ዛሬም አለ።

የጽሑፉ ነገርም ያው ነው፤ አንዱን ገጽ የቦታ ስም ብቻ እየቀየሩ ሃምሳ ማድረግ፣ ወይም በማሽን በጅምላ የተመረተ ጽሑፍ መጫን። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጎግል ደረጃ ለማግኘት ብቻ በጅምላ የሚመረት ይዘትን በስም ጠቅሶ በደንቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ወዳጄ ውል ውስጥ ያየሁት አንቀጽ ነው። ዶሜን የማን ነው ሲባል የሚታየው በመዝጋቢው (ዶሜን በሚመዘግበው ድርጅት) ዘንድ የሰፈረው ስም እንጂ ክፍያውን ማን እንደከፈለ አይደለም። በሻጩ ስም ከተመዘገበ፣ የተጣላችሁ ዕለት ዌብሳይቱ፣ በዚያ ዶሜን የተከፈተው ኢሜይልና ለዓመታት ያጠራቀማችሁት የጎግል ደረጃ አብረው በእጁ ናቸው። ወደ ሌላ መዝጋቢ ለማዛወር የሚያስፈልገው ኮድ የሚሰጠው አካውንቱን ለያዘው ሰው ነው። የጎግል የንግድ ፕሮፋይላችሁም፣ ካርታ ላይ የሚታየውና ደንበኞች አስተያየት የሚጽፉበት ማለቴ ነው፣ እንደዚሁ። መክፈቱ በነጻ ነው፤ ራሳችሁ ክፈቱት፣ ባለቤትነቱን ያዙ፣ ለባለሙያው የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ብቻ ስጡት። ደህና ባለሙያ በዚህ አይከፋም። እንዲያውም ገና ሲጀምር ደንበኞቻችሁ እነማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡ፣ ምን እንደሚጠይቁ ነው የሚጠይቃችሁ፤ የሚነካውን እያንዳንዱን ገጽም በጽሑፍ ያሳውቃችኋል።

አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ፣ ከመጣላታችሁ በፊት ዶሜኑን በስማችሁ አዛውሩ። ጠብ ከተነሳ በኋላ ከባድ ነው። ቀጥሎ ሰርች ኮንሶል ላይ ባለቤት መሆናችሁን አረጋግጡ። ስታሰናብቷቸው ስማቸውን ከዝርዝሩ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ባለቤትነታቸውን ያረጋገጡበት ፋይል ወይም በዶሜኑ ቅንብር ውስጥ ያስገቡት ኮድ እዚያው ካለ ተመልሰው መግባት ይችላሉ። እሱንም አስነሱ።

ከዚያ በጎግል ሠራተኛ የተወሰደ እርምጃ ካለ የሚገልጸውን ገጽ እዚያው ሰርች ኮንሶል ላይ ተመልከቱ። እርምጃ ካለ፣ የተገዙትን ሊንኮች በተቻለ መጠን አስነስታችሁ፣ ያልተነሱትን በዲስአቮው መሣሪያ («እነዚህን ሊንኮች አትቁጠሩብን» ብላችሁ ለጎግል የምትናገሩበት ነው) አሳውቃችሁ፣ እንደገና እንዲታይላችሁ ጥያቄ ታቀርባላችሁ። ገጹ ባዶ ከሆነ ግን ተረጋጉ። ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው ሁለተኛው ሻጭ የሚመጣው፤ «ዌብሳይታችሁ በመርዛማ ሊንክ ተበክሏል፣ እናጸዳላችኋለን» ይላል፣ ቀይ ቀለም የበዛበት ሪፖርትም ያሳያል። አብዛኞቹ ዌብሳይቶች የዲስአቮው መሣሪያ እንደማያስፈልጋቸው፣ በስህተት ከተጠቀሙበትም ደረጃቸውን ሊጎዳ እንደሚችል የጻፈው ጎግል ራሱ ነው።