ማፍያ ላይ ጎበዝ፣ ምጣድ ላይ ሰነፍ፦ የሲሊኮን ገመድ መያዣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ዕቃ የገዛሁት ከመስቀል በኋላ መርካቶ ወርጄ ነው። አሁን ግንቦት ገብቷል፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። በተገዛ በሳምንቱ "አሪፍ ነው፣ ግዙት" የሚል ሰው ሞልቷል። ማጣበቂያ ያለው ዕቃ ግን በሳምንቱ አይታወቅም። የሚታወቀው እንፋሎት ሲጠግብ፣ ቅባት ሲነካው፣ ልጅ ሲጎትተው ነው።

ላላያችሁት፣ አውራ ጣት የምታክል ለስላሳ የሲሊኮን ቁራጭ ናት። ጀርባዋ ላይ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ አለ። ፊቷ ላይ ወደ ውጭ የሚታጠፉ ሁለት ክንፎች አሏት፤ በመሀላቸው ደግሞ የገመዱ ጫፍ የሚሸጎጥበት ስንጥቅ አለ። የውሃ ማፍያው ወይም የጁስ መፍጫው ጀርባ ላይ ትለጥፏታላችሁ፣ ገመዱን በክንፎቹ ሥር ዞር ዞር አድርጋችሁ ትጠቀልላላችሁ፣ ጫፉን ትሸጉጣላችሁ፣ አለቀ። አንዱ ፓኬት ብዙ ፍሬ ይዟል፤ ዋጋው የአንድ ኪሎ ሥጋ ግማሽ አይሞላም።

ቤታችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ኩሽናው ጠባብ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የወለሉን እኩሌታ በርሜልና ጀሪካን ይዞታል። ምጣድ፣ ማፍያ፣ ፍሪጅና ጁስ መፍጫ በአንድ ግድግዳ ላይ ላለ ሶኬት ይሻማሉ። እዚህ ኩሽና ውስጥ ወለል ላይ የወደቀ ገመድ ወይ እግር ሥር ነው፣ ወይ ከጀሪካን የፈሰሰ ውሃ ላይ ነው። ልጃችን ደግሞ ገና ቆሞ መሄድ የጀመረ ነው፤ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ለእሱ መጫወቻ ነው። እንግዲህ ዕቃዋን የፈተንኳት በዚህ ሁኔታ ነው።

ከማፍያው ልጀምር፤ የተመሰገነችው እሱ ላይ ነው። የውሃ ማፍያ ገመድ በብዛት አጭር ሆኖ የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ልጅ እንዳይስበው ነው። የእኛ ግን ምን እንደታሰበለት እንጃ፣ ገመዱ ረጅም ነው፤ ትርፉ ከጠርዙ ወርዶ ሲወዛወዝ ይውል ነበር። አሁን ትርፉ ከመቀመጫው ጀርባ ተጠቅልሎ፣ ወደ ሶኬት የሚደርሰው ብቻ ነው የሚወጣው። የወደድኩት ግን አጥብቃ መያዟን አይደለም። ልጁ አንድ ቀን እጁን ሰዶ ገመዱን ሲስበው፣ ጫፉ ከስንጥቁ ሾልኮ ወጣና የተጠቀለለው ላላ፤ ማፍያው ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ እኔም እስክደርስበት ጊዜ አገኘሁ። እንደ ሽቦ የሚታሰረው የፕላስቲክ ማሰሪያ ቢሆን ኖሮ ጉተታው በቀጥታ ወደ ማፍያው፣ ከማፍያውም ጋር ወደ ፈላው ውሃ ይሄድ ነበር። የገመድ መያዣ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትፈትኑት እንዴት እንደሚይዝ ሳይሆን እንዴት እንደሚለቅ ይሁን። በኃይል ተጎትቶ የማይለቅ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ተዉት።

ሁለተኛው ነገር ዕቃዋን የሠራው ሰው ፈጽሞ ያላሰበው ነው። የዚህ ዓይነት መያዣ የተነደፈው ገመድ አንዴ ከተሰካ ወር ሙሉ ተሰክቶ ለሚቆይበት ቤት ነው። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን እንነቅላለን፣ ቴሌቪዥኑን እንነቅላለን፣ መብራቱ ሲመለስ ጨምሮ እንዳይመጣና ዕቃ እንዳያቃጥል ትንሽ ጠብቀን እንሰካለን። ምጣድ ሲሰካ ማፍያው ይነቀላል፤ አለበለዚያ ብሬከሩ ይወርዳል። በቀን ስንት ጊዜ ስፒና እንደሚነቀል ቁጠሩት። ታዲያ የተነቀለው ስፒና የት ይቀመጣል? ወለል ላይ፣ ከበርሜሉ አጠገብ። እኛ የሚያስፈልገን ትርፍ ገመድ መጠቅለያ ብቻ አይደለም፤ ለተነቀለ ስፒና ማረፊያ ነው። ማፍያው ላይ ስንጥቋ ይህን ሥራም ትሠራለች፤ ቀጭን ገመድ ስለሆነ ከስፒናው ሥር ይገባላታል። በአንድ እጅ ሊጥ ይዛችሁ በሌላው ልትሰኩት ትችላላችሁ። ወፍራም ገመድ ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ወዲያው ይተፋል።

ማጣበቂያውን በተመለከተ ሐቁ ይህ ነው። ለስላሳ ፕላስቲክና ብረት ላይ እስከ ዛሬ አልላላም። የግድግዳ ሴራሚክ ላይም፣ በፋርማሲ አልኮል ተወልውሎ፣ ደርቆ፣ ከተለጠፈ በኋላም ገመድ ሳይሸከም አንድ ቀን ካደረ ይቆያል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ግን አትሞክሩት። ማጣበቂያው በደንብ ይይዛል፤ የሚለቀው ቀለሙ ነው፣ ከነልስኑ ቅርፍ ብሎ ይወርዳል።

ከምጣዱ በላይ ያለው ሴራሚክ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ክዳኑ በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ ግድግዳውን ያጥበዋል፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሰስ የሚወጣው ጭስ በዓይን የማይታይ ቅባት ይጥልበታል። እዚያ የለጠፍኳት ቁራጭ መጀመሪያ ጠርዟ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ በጠርዙ አቧራ ያዘች፤ ከዚያ ከላይ በኩል ቀስ እያለች ተላጠችና አንድ ማለዳ ሊጥ ቡሃቃው ክዳን ላይ ተኝታ አገኘናት። አዲስ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት ገዝቼ ቆርጬ መለስኳት፤ በፍልሰታ ብዙ እንጀራ ሲጋገር ምን እንደምትሆን እናያለን። ማውለቅ ለምትፈልጉ፣ በቢላ አትፈልቅቋት። ጠንካራ የስፌት ክር ከኋላዋ አስገብታችሁ እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳቡት፤ ሴራሚኩን ሳይጭር ያወጣዋል።

አሁን ወደ ምጣዱ። ሻጩ "ለሁሉም ዕቃ ይሆናል" ብሎኝ ነበር። አይሆንም፤ እንዲሆንም መሞከር የለበትም። የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር አካባቢ ነው። ቤታችን ያለው የተለመደው ባለ ሁለት እግር ክብ ስፒናና ሶኬት የተሠራው እስከዚያው 16 አምፔር ድረስ ነው፤ ማለትም ምጣድ የሚሠራው ጣሪያውን ነክቶ ነው። ይህን ያህል ጅረት የሚያልፍበት ገመድ ይሞቃል። ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ወደ አየር ይሄዳል፤ ተጠቅልሎ ከሆነ አንዱ ዙር ሌላውን ያሞቀዋል፣ መሀል ያለው መውጫ ያጣል። የተለመደው የፒቪሲ ልባስ የሚችለው እስከ 70 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ይለሰልሳል፣ ቅርፁን ያጣል፣ መጨረሻው ሽቦ ከሽቦ መገናኘት ነው። ከበሮ ላይ የሚጠቀለሉት ረጃጅም ኤክስቴንሽኖች ላይ ሁለት የዋት ቁጥር የሚጻፈውም በዚህ ነው፤ ትንሹ ተጠቅልሎ፣ ትልቁ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሲሠራ። የተጠቀለለ ገመድ ማግኔት ስለሚፈጥር ነው የሚሞቀው የሚሉ አሉ፤ በአንድ ገመድ ውስጥ ያለው የሚሄደውና የሚመለሰው ጅረት እርስ በርሱ ስለሚጣፋ እሱ አያሳስብም። ጉዳዩ ሙቀት ብቻ ነው።

ስለዚህ በእኛ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው፦ ማፍያ፣ ጁስ መፍጫ፣ የቡና መፍጫ፣ ትርፍ ገመዳቸው ላላ ብሎ ይጠቀለላል፤ የሚሠሩት ለአጭር ጊዜ ነው። ምጣድና ስቶቭ ተዘርግተው ነው የሚሠሩት፣ የሚጠቀለሉት ጠፍተው ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። እማዬ ለጥምቀት መጥታ ይህን ሁሉ ስታይ "ገመድ ለማሰር ሌላ ዕቃ ገዛሽ? እኛ ምጣዱ ላይ ጠምጥመን ነው ያሳደግንሽ" አለችኝ። ጠምጥማ ያሳደገችኝ ምጣድ በእንጨት የሚነድ መሆኑን ላስታውሳት አልፈለግሁም። የገመዱን አንገት፣ ከምጣዱ የሚወጣበትን ቦታ፣ በእጇ ይዛ እንድታየው አደረግሁ፤ በተደጋጋሚ አጥብቆ ከመታጠፍ ልባሱ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል፤ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ የሚበጠሱት እዚያ ነው። ዝም አለች፤ ከእማዬ በኩል ይህ ትልቅ ስምምነት ነው።

ለምጣዱ መያዣ የሠራልን የሰፈራችን አናጢ ነው። ሐሳቤ መጀመሪያ ብየዳ ቤት ሄዶ ከላሜራ ማስቆረጥ ነበር። አናጢው ራሱ ነው የከለከለኝ፦ "እህቴ፣ የላሜራ ጠርዝ ገመዱን ይበላዋል። ሲበላው ደግሞ ብረቱ ራሱ ይነዝርሻል።" ማጣበቂያ አይበቃም ወይ ስለው ሳቀ፤ "ማጣበቂያ የሁለት ቀን ሙሽራ ነው" አለ። ከዋንዛ ትራፊ አንድ ቁራጭ ቆረጠ። የምጣዳችን ገመድ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ጥቂት ሰፋ ያለ ስንጥቅ ከፊት በኩል ከፈተለትና ወደ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ዝቅ እንዲል አደረገው። ገመዱ ያልፋል፣ የስፒናው ጭንቅላት ግን ከላይ ይቀራል። ወደ ታች ሲጎተት ይይዛል፤ ሰው እግሩ ተጠልፎ ወደ ፊት ቢስበው ሾልኮ ይወጣል። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ከማፍያው የተማርኩት ነው። ስንጥቁ ጠርዝ እንዳይኖረው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ እርጥበት እንዳይጠጣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ተቀባ።

አሰቃቀሉ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከሶኬት ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አትብሱ፤ በግድግዳ ውስጥ ያለው የሽቦ ቱቦ የሚሄደው በዚያ ነው፤ ሲበሱም ብሬከሩን አውርዱ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው፤ ድሪሉን በመዶሻ ምት ካስኬዱት ቀዳዳው ይፈረካከስና ፊሸሩ አይጨብጥም። እኛ ከልጁ ቁመት በላይ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ራቅ አድርገን ሰቀልነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የምጣዱ ስፒና ወለል ነክቶ አያውቅም።

ካውያው ላይ ሲሊኮኗን ሞክሬ ትቻታለሁ። ካውያ ሲጠፋ ትኩስ ነው፤ ሰው ደግሞ ቸኩሎ ነው የሚጠቀልለው። ፍሪጁ ምንም አላስፈለገውም። ዲቫይደሩን ወለል ላይ ከማስቀመጥ ግድግዳ ላይ በብሎን ማሰር ይሻላል፣ ምጣድ ግን በምንም መልኩ ዲቫይደር ላይ አይሰካም። የቀሩትን ቁራጮች የስልክ ቻርጀሮች ወስደዋቸዋል፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተለጥፈው እየሠሩ ነው።

አንድ ጥሩ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ፦ ሲሊኮኑ ራሱ እስካሁን አልደረቀም፣ አልተሰነጠቀም፣ ገመዱ ላይም አልተጣበቀም። ከመኪና የውስጥ ጎማ ተቆርጦ የሚታሰረው ላስቲክ ነጩን ማፍያ አጥቁሮብን፣ በመስኮት ፀሐይ ሙጫ ሆኖብን ነበር። በዚህ በኩል አዲሷ በብዙ ትበልጣለች።

በድጋሚ እገዛታለሁ ወይ? ማፍያና መፍጫ ላለው ቤት አዎ፤ ሰፋ ያለ ስንጥቅ ያላትን መርጣችሁ፣ ገመዳችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዚያው ለኩ። ለምጣድ ከሆነ ብሩን ለአናጢ ስጡት። የሚያስመጧት ሰዎች ጀርባዋ ላይ ከማጣበቂያው በተጨማሪ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ያላትን ቢያመጡ ግን ጎረቤቶቼን አስከትዬ እሄዳለሁ።