ለጥቁር አንበሳ የካንሰር ክፍል ነርሶችና ለማቲዎስ ወንዱ ሰዎች፦ ምስጋናም፣ ጥቆማም

ይህን የምጽፈው ሪፈር ተጽፎላችሁ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለምትመጡ የካንሰር ታማሚዎችና አስታማሚዎች ነው። ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። ማደሪያ አጣን፣ ገንዘብ አለቀብን ብላችሁ ሕክምናውን ጥላችሁ እንዳትመለሱ። የሚያሳድር፣ የሚያበላ፣ ሐኪም ቤት የሚያመላልስ አለ። እኛ ይህን ሳናውቅ ጓዛችንን ሸክፈን ወደ ደሴ ልንመለስ ነበር።

ታማሚዋ አክስቴ ናት። የጡት ካንሰር ነው። እብጠቱን ስታገኘው አላመማትም፣ ስለማያም ደግሞ ዝም አለች። በኋላ የሄደችበት አንድ ክሊኒክ «ብርድ ነው» ብሎ መርፌ ወግቶ መለሳት። ጎረቤቱ አንዱ በጸበል፣ ሌላው በዱዓ ያዛት፣ ወሎ አይደል፣ ሁሉም የሚችለውን አደረገ። ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሲመጣ እብጠቱ ብብቷ ሥር ደርሶ ነበር። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ፣ ከዚያ ለኬሞ (የካንሰር ሴሎችን ለሚገድለው መድኃኒት) እና ለጨረር ወደ ጥቁር አንበሳ ተጻፈልን። አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የለንም። ሪያድ ያለችው ልጇ በላከችው ብር ፔንሲዮን ይዘን ጀመርን።

አሁን ወደ ሲስተር ልምጣ። ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፣ ስለዚህ ሲስተር ብቻ እላታለሁ። የኬሞ ነርስ ናት። የመጀመሪያው ቀን አክስቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስተር የደም ሥሯን እየፈለገች፣ ቀዩን መድኃኒት እያሳየቻት እንዲህ አለቻት፦ «እማማ፣ ይሄ ቀይ መሆኑን አዩት አይደል? ዛሬና ነገ ሽንትዎ ቀላ ብሎ ይወጣል። ደም እንዳይመስልዎት። መድኃኒቱ ነው እየወጣ ያለው፣ ከዚያ ይጠራል።» ማታ ልክ እንዳለችው ሆነ። አስቡት እስኪ፣ ይህ ሳይነገራት ብታየው ኖሮ አክስቴ በማግስቱ መናኸሪያ ነበር የምትገኘው። ደም እያፈሰሱኝ ነው ብላ ድጋሚ እዚያ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር።

ለእኔም ለብቻዬ ነገረችኝ። ትኩሳት 38 ከደረሰ ማታም ቢሆን፣ እሁድም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይዘሻት ነይ፣ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ እንዳታስተኛት አለች። ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚያወርደው ሌላ ጊዜ ቀላል የሆነ ኢንፌክሽን ያን ጊዜ ሰው ይገድላል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ቴርሞሜትር ግዙ። ይህንን ከዚህ ሁሉ ጽሁፍ ነጥላችሁ ያዙልኝ።

ጸበሉን በተመለከተም አልተቆጣችንም። አክስቴ ፈራ ተባ እያለች «ጸበሌን አቋርጪ ትይኝ ይሆን?» ስትላት፣ «ጸበልዎትን ይጠጡ እማማ፣ ንጹህ ይሁን እንጂ። ብቻ ቀጠሮዎን እንዳያሳልፉ» አለቻት። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪ ጊዜ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መናገራቸውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አክስቴ ያንን ከሰው ሰምታ ታውቅ ነበርና ልቧ አረፈ። ጸበል ወይ መድኃኒት ምረጥ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው መድኃኒቱን ነው። ሲስተር ይህ ገብቷታል።

ኬሞው በየ21 ቀኑ ነው የሚሰጠው። በመሀል የደም ምርመራ አለ፣ ነጭ የደም ሴሏ ካልተነሳ ቀጠሮው ይገፋል፣ ፔንሲዮኑ ግን በየቀኑ ይከፈላል። ምግብ አለ፣ ታክሲ አለ። ብሩ አለቀ። ሪያድ ያለችውን ልጅ ደግሞ መጠየቅ አቃተን፣ እሷም የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። አክስቴ «መልሱኝ፣ ከልጆቼ አጠገብ ልሙት» ማለት ጀመረች። ይህንን ለሐኪም አልነገርንም። ማን ይናገራል? ያፍራል ሰው።

ሲስተር ነች የጠየቀችን። ፊታችንን አይታ ነው መሰለኝ፣ «የት ነው የምታድሩት?» አለችኝ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም፣ ይዛኝ ወደ ሶሻል ወርከሯ፣ የታማሚዎችን ችግር ወደምትከታተለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ ሄደች። በዚያ በኩል ነው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ያገኘነው።

ስለ ማቲዎስ ወንዱ የማታውቁ ካላችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ማቲዎስ ሕፃን ነበር፣ በደም ካንሰር በ4 ዓመቱ ያረፈ። አባቱ አቶ ወንዱ በቀለና እናቱ ወይዘሮ አምሳለ በየነ ከኀዘናቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ድርጅቱን በልጃቸው ስም አቋቋሙ። ያኔ በአገራችን ስለ ካንሰር በግልጽ የሚናገር ሰው ብዙም አልነበረም፣ ስሙን መጥራት ራሱ ይፈራ ነበር። ልጅ ቀብሮ ለሰው ልጅ መሮጥ እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል! እግዚአብሔር ይስጣቸው ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡና አቅም ለሌላቸው ታማሚዎች ማረፊያ ቤት አላቸው። አልጋ፣ ምግብ፣ ወደ ሆስፒታል መመላለሻ፣ ለአንዳንዱም የመድኃኒትና የምርመራ እገዛ። እኔ ግን የማልረሳው ሰዎቹን ነው። ሁሉም ሕመሙን ስለሚያውቀው ማንም ማንን አያይም፣ ፀጉር የለሽም ብሎ የሚያፈጥ የለም። አክስቴ ፀጉሯ ትራሱ ላይ ተነቅሎ ያገኘችው ጠዋት ሻሿን ግንባሯ ድረስ አውርዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከጅንካ የመጣች አንዲት ሴት፣ አማርኛዋ ብዙም አይደለም፣ አጠገቧ ቁጭ አለችና የራሷን ሻሽ ፈትታ ብቅ ብቅ ያለውን አዲስ ፀጉሯን በአክስቴ እጅ አስዳሰሰቻት። አክስቴ ያን ቀን ተነሥታ ምሳ በላች። እኔ ስንት ቀን ለምኛት ያልሆነውን!

ስለ ምርምሩም ልጻፍ፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ፎርም ይዛ መጥታ አክስቴን ጥያቄ ጠየቀቻት። መቼ አወቅሽ፣ ለምን ዘገየሽ፣ መጀመሪያ የት ሄድሽ፣ የመሳሰለውን። አክስቴ ሰለቻት። ሲስተር አብራራችልን፣ ከዚህ ዓይነቱ መረጃ ነው የእኛ አገር ካንሰር ምን እንደሚመስል የሚታወቀው ብላ። አክስቴም «ለሌላ ሰው ከጠቀመማ ይጻፍ» አለች።

ከተመለስን በኋላ እኔም አንብቤ ደረስኩበት። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው የተጀመረው። ከከተማዋ ሆስፒታሎች በካንሰር የተያዙ ሰዎችን መረጃ ይሰበስባል። በእሱ ነው ከተመዘገቡት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሴቶች መሆናቸው፣ ጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ መሆናቸው የታወቀው። ሌላም አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከጀርመኑ ሀለ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የ352 ኢትዮጵያውያት የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ናሙና መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አሳትመዋል። ከአፍሪካውያን ሴቶች ብዙዎቹ ሆርሞን የማይቀበል ዓይነት ካንሰር ነው ያለባቸው የሚል ግምት ነበር። የእኛዎቹ ሲታዩ 65 በመቶ ያህሉ ሆርሞን የሚቀበል፣ ማለትም በሰውነት ሆርሞን የሚያድግ፣ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ያንን ሆርሞን የሚከላከለው ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን ለብዙዎቻችን ይሠራል ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ቤት ተቀምጦ በአፍ የሚዋጥ ነው። አክስቴም ተመርምራ ሆርሞን የሚቀበል ነው ተብላ አሁን እሱን እየዋጠች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ታሞክሲፌን በየቀኑ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት ነው የሚወሰደው። ሰው ሲሻለው ይተወዋል። ምንም አላመመኝም፣ ለምን ክኒን እውጣለሁ ይላል። ደግሞ ሙቀት ሙቀት ይላል፣ ላብ ያመጣል፣ በዚህም የሚያቆሙ አሉ። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ሆስፒታሎች የተሠራ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ ለዚሁ የሰለጠኑ ነርሶች የሚከታተሏቸው ሴቶች እንዲህ ያለ ክትትል ከሌላቸው ሴቶች በተሻለ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። እኔ ሳነበው ሲስተር ነች የታየችኝ። ወደ ደሴ ከተመለስን በኋላም ደውላ «እማማ ክኒኑን ዋጡ?» ትላለች። አክስቴ እንደ ልጇ ነው የምትፈራት። ነርስ ማለት መርፌ የሚወጋ ሰው ብቻ ለሚመስለው ሁሉ ይህንን ብናገር ደስ ይለኛል።

ሲስተር አስታማሚዎችንም አትለቅም። እኔን «አንቺስ ዕድሜሽ ስንት ነው? የማህፀን በር ምርመራ አድርገሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አላደረግኩም ነበር። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለን ሴቶች በየጤና ጣቢያው ልንመረመር የሚገባን ነው። ደሴ ስመለስ ሄድኩ። ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ ይቀቡና ያያሉ፣ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ካለ ወደ ካንሰር ሳይቀየር እዚያው ያክሙታል። ደቂቃዎች ነው የፈጀው፣ ውጤቱም ወዲያው ተነገረኝ። እህቶቼንና የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ሄጃለሁ። የማህፀን በር ካንሰር ክትባትም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው አገራችን ውስጥ ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው፣ በየትምህርት ቤቱ ሲመጣ መካን ያደርጋል የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ልጆቻችሁን እንዳትደብቁ። እኔ የእህቴን ልጅ አስከትቤያለሁ።

የማቲዎስ ወንዱ ሰዎች ደግሞ ከታማሚው አልፈው ያልታመመውንም ይዘዋል። ስለ ጡት ካንሰር በአደባባይ ያስተምራሉ፣ ትንባሆን ለመቆጣጠር ሲሟገቱ ከነበሩት ውስጥ ናቸው። ዛሬ የሲጋራ ፓኮ ላይ የምታዩት ትልቁ የማስጠንቀቂያ ሥዕል፣ በካፌና በመሥሪያ ቤት ማጨስ መከልከሉ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1112 ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚያመሰግን ሰው የለም፣ ሳይታመም የቀረ ሰው ማን እንዳተረፈው አያውቅምና። እኔ ላመስግን።

ልጅ ለታመመባችሁ ደግሞ ተስፋ አዲስ የሚባል የወላጆች ድርጅት አለ። በካንሰር የታመሙ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ጋር ያሳድራል። እኛ አልተጠቀምንበትም፣ ግን ኬሞ ስንጠብቅ ካገኘኋቸው እናቶች ስለ እነሱ የሰማሁት መልካም ብቻ ነው። የልጆች የደም ካንሰር ሕክምና ረጅም ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። መሀል ላይ መቋረጡ ነው ልጆቹን የሚጎዳው።

እንግዲህ ለምትመጡ ሰዎች የምለው ይህ ነው። የሪፈር ወረቀት፣ የጤና መድን ደብተር፣ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤት፣ የቀዶ ሕክምና ወረቀት፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ኮፒውንም ያዙ። ናሙናው የተቀመጠበትን ብሎክ (ትንሽ የሰም ቁራጭ ናት) ከተሰጣችሁ እንዳትጥሉት፣ የሆርሞን ምርመራው ከእሱ ነው የሚሠራው። ካርድ አውጥታችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ገንዘባችሁ ሳያልቅ በፊት፣ ሶሻል ወርከር የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። «ማደሪያ የለንም» በሉ፣ አትፈሩ። የማረፊያ ቤቱ አልጋ ሊሞላ ይችላል፣ ግን ሰዎቹ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያውቃሉ። ጨረር የተጻፈላችሁ ደግሞ ቅርባችሁ ያለ ቦታ ካለ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል።

ውጭ አገር ላላችሁና መርዳት ለምትፈልጉ፦ የማረፊያ ቤት ወጪ ዘይት፣ ጤፍ፣ ሳሙና፣ የመኪና ነዳጅ ነው። ትልቅ ፕሮጀክት አትጠብቁ። ለአንድ ሰው በሁለት ኬሞ መካከል ያለውን ጊዜ ብትሸፍኑ ያ ሰው ሕክምናውን አያቋርጥም። ድርጅቱን በስሙ ፈልጋችሁ ራሳችሁ አግኙት፣ በሰው እጅ አትላኩ።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አክስቴ ባለፈው የደረት ምርመራዋ ጥሩ ነው ተብላለች። ጨረሩ ያጠቆረው ቆዳዋም እየነጣ ነው። ለቀጣዩ ቀጠሮ ስንመጣ እሷ ራሷ ታሳይሻለች፣ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ ጨርሳለች፣ እምቢ እንዳትይ።