የትኛውን ከረጢት? ምልክት ያለውን ቡና ወይስ «ከገበሬው በቀጥታ የተገዛ» የሚለውን

ወዳጆቼ ቡና ሊገዙ ሲሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ያለውን ልውሰድ ወይስ «ከገበሬው በቀጥታ የተገዛ» የሚለውን? መልሴን በጽሑፍ ለማኖር የወሰንኩት ግን እኔው ራሴ ከተታለልኩ በኋላ ነው። ከረጢቱ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ በዙሪያቸው የቡና ቅጠል፣ ከሥራቸው ደግሞ «በፍትሐዊ መንገድ የተገዛ» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ከጎኑ ከነበረው ቡና አስበልጬ ከፈልኩበት። ቤት ገብቼ ሳገላብጠው ግን የመርማሪ ድርጅት ስም የለበትም፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም የለበትም፤ አንድም ቁጥር የለበትም። ቡናውን የቆላውን ድርጅት በጽሑፍ ጠየቅሁ። ከገበሬዎች ጋር የቆየ ወዳጅነት እንዳላቸው ነገሩኝ። ለአንድ ፓውንድ (454 ግራም ገደማ) ጥሬ ቡና ስንት እንደከፈሉ የሚናገር መስመር በመልሳቸው ውስጥ አልነበረም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ለቸኮለ ሰው ምርጫዬን ላስቀድም። በአንድ ቃል «ፌርትሬድ» ተብሎ የተጻፈበትን፣ ክንዱን ወደ ላይ ያነሣ ሰው የሚመስለውን ክብ ምልክት የያዘውን እገዛለሁ። ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ከዚህ በታች አልሸፍነውም። ነገር ግን ለገበሬው ማኅበር ከዚህ በታች አይከፈልም ብሎ ለቡና ቁጥር ቆርጧል።

ቁጥሩ ይኸውና። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለታጠበ አረቢካ ቡና የተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ በፓውንድ 1.80 የአሜሪካ ዶላር ነው። በዚያ ላይ 20 ሳንቲም ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ቡናው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የለማ (ኦርጋኒክ) ከሆነ ደግሞ 40 ሳንቲም ይታከላል። አሁን ይህን ወደ ከረጢታችን እናውርደው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 250 ግራም የተቆላ ቡና ለማግኘት 300 ግራም ገደማ ጥሬ ቡና ይፈጃል፤ ይህም የአንድ ፓውንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ከ20 ሳንቲሙ የዚያን ያህል ስናሰላ 13 ሳንቲም እናገኛለን። ምልክቱ ስላለበት ብቻ ሁለት ዶላር ጨምራችሁ ከገዛችሁ፣ በተጨማሪ ክፍያ ስም ለማኅበሩ የሚደርሰው 13 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ገበያው ከተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ በላይ ከሆነ የቀረው በአብዛኛው ከቆላው፣ ካከፋፈለውና ከሸጠው ዘንድ ይቀራል። ይህን ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁ ዕለት ተሳስቼ መስሎኝ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

13 ሳንቲሙም ቢሆን በቀጥታ ወደ ገበሬው ኪስ አይገባም። የማኅበሩ አባላት ድምፅ ሰጥተው ለጋራ ጉዳይ የሚያውሉት ገንዘብ ነው፤ ቢያንስ ሩቡም ለምርትና ለጥራት ማሻሻያ መዋል አለበት። 1.80 ዶላሩም ቡናው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ላለው የተቆረጠ ዋጋ እንጂ በገበሬው ደጃፍ የሚከፈል አይደለም። ማጠቢያው፣ መፈልፈያው፣ ማጓጓዣው፣ የማኅበሩ ዕዳ ሁሉ ከዚያ ላይ ይነሣል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ማኅበሩ ያመረተውን ሁሉ በዚህ ውል የሚሸጥ አለመሆኑ ነው። የሚሸጠው ገዢ የተገኘለትን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው እንደማንኛውም ቡና ይወጣል፤ የምርመራው ወጪ ግን አይቀርም። ደ ጃንቭሪ፣ ማኪንቶሽና ሳዱሌ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የጓቲማላን ማኅበራት መዝገብ መርምረው፣ ብዙ አምራች በምልክቱ ሥር በገባ ቁጥር ጥቅሙ እየሳሳ እንደሚሄድ አሳይተዋል።

ታዲያ ለምን እገዛዋለሁ? ለክፉ ቀን ስለሆነ ነው። ቡና አምራችና ገዢ አገሮች ኮታ የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ዋጋው የሚይዘው አጣ። በ2001 አረቢካ በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በ2019 እንደገና ከአንድ ዶላር በታች ሲወርድ የምልክቱ ወለል፣ ማለትም የተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ፣ 1.40 ዶላር ነበር። ያን ዓመት በምልክቱ ውል መሸጥ ለቻለ ማኅበር የ40 ሳንቲሙ ልዩነት የምርቱን ወጪ በመሸፈንና ባለመሸፈን መካከል ያለ ነው። በ2025 መጀመሪያ ገበያው ከአራት ዶላር በላይ ሲወጣ ደግሞ ወለሉ ሥራ ፈታ፤ በዚህ ጊዜ ገዢው የገበያውን ዋጋና 20 ሳንቲሟን ይከፍላል። ገበሬ ግን ከተከለው ቡና ፍሬ ለማየት ዓመታት ይጠብቃል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ክፉ ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ወደ «ቀጥታ ንግድ» ልለፍ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያስፋፉት ቡና የሚቆሉ የአሜሪካ ጥራት ወዳድ ድርጅቶች ናቸው። ኢንተሊጀንሲያ የተባለው ድርጅት ከፌርትሬድ ዋጋ ቢያንስ 25 በመቶ አስበልጦ እከፍላለሁ ብሎ ነበር፤ ይህ የሚከበር ቃል ነው። ችግሩ «ቀጥታ ንግድ» የሚለው ስያሜ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው። ማንም ከረጢቱ ላይ ሊያትመው ይችላል፤ «በቀጥታ» የተባለው ቡና በላኪና በአስመጪ እጅ ቢያልፍም የሚከለክል የለም። ደግሞም ገዢው የሚመጣው ምርጥ ምርት ፍለጋ ነው። ዝናቡ ያዛባበት፣ ፍሬው የተበላሸበት ገበሬ በዚያ ዓመት ጎብኚ አያገኝም፤ ገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ያን ጊዜ ነው።

የእንቁራሪቷን ምልክት፣ የሬይንፎረስት አሊያንስን፣ በሁለት መስመር አልፋታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩትዝ ከተባለ ሌላ ምልክት ጋር ተዋህዳለች፤ ስለ ደንና ስለ አካባቢ ብዙ ትጠይቃለች፤ ለቡና ዝቅተኛ ዋጋ ግን አልቆረጠችም።

አስመሳዮቹ ላይ ግን ልቆይ፤ ገንዘቤን የበሉት እነርሱ ናቸውና። የፌርትሬድ የአሜሪካ ክንፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም አቀፉ ድርጅት ተነጥሎ ወጥቶ በሁለት ቃል «ፌር ትሬድ» የሚል የራሱን ምልክት ይዟል። እርሱ አስመሳይ አይደለም፤ ነገር ግን ቡናን ከትልልቅ እርሻዎችም ይቀበላል፤ ዓለም አቀፉ ለቡና የሚቀበለው የአነስተኛ ገበሬዎችን ማኅበራት ብቻ ነው። በብሪታንያ ሴንስበሪ የተባለው የሱፐርማርኬት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከራሱ የሻይ ምርቶች ላይ ምልክቱን አንሥቶ «በፍትሐዊነት የተነገደ» የሚል የራሱን ጽሑፍ ሲያደርግ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ገዢው ሁለቱን መለየት ይከብደዋልና። ቸኮሌትና ሻይ የምትገዙ ደግሞ ይህንንም ልብ በሉ። በእውነተኛው ምልክት ሥር እንኳ በካካዎ፣ በሻይና በስኳር ላይ በምልክቱ ውል የተገዛውና በምልክቱ የተሸጠው መጠን እኩል እስከሆነ ድረስ ከሌላው ጋር መቀላቀል ይፈቀዳል። እጃችሁ ላይ ያለው ቸኮሌት ከዚያ ማኅበር የመጣ ላይሆን ይችላል። ቡና ላይ ይህ አይፈቀድም።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ለአራት ዓመታት ያካሄዱትን ጥናት አወጡ። ያጠኑት ባለማሳውን ሳይሆን በቀን ሠራተኝነት የሚለቅመውንና የሚኮተኩተውን ነው። ምልክቱ ባለባቸው አካባቢዎች የሚሠሩት ምልክቱ ከሌለባቸው ያነሰ ደመወዝ ሲያገኙ ተገኙ። የምልክቱ ባለቤቶች ትንንሽ ማሳዎች ከትልልቅ እርሻዎች ጋር ተነጻጸሩ ብለው ተከራከሩ። ክርክራቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ለለቃሚዋ ግን አንድ ሳንቲም አይጨምርላትም። እርሷ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ 13 ሳንቲሟ የት ትዋል ሲባል እጇን አታነሣም።

ይህን እያወቅሁ ምልክቱን መግዛቴ ወዳጆቼን ይገርማቸዋል። ተመራማሪዎቹ ሄደው ሊፈትሹ የቻሉት ግን የት እንደሚሄዱ ስለታወቀ፣ ቃሉም ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። እኔን ያታለለኝን ከረጢት ይዞ የሚነሣ ተመራማሪ ወዴት ይሄዳል?

በቀጥታ የተገዛውን ካልያዝኩ የምትሉ ከሆነ የተከፈለው ዋጋ የታተመበትን ብቻ ያዙ። ቁጥሩ የጥሬ ቡና ነው ወይስ የእሸት፣ በፓውንድ ነው ወይስ በኪሎ፣ ወደብ ላይ ነው ወይስ ማሳ ላይ፣ የየትኛው ዓመት ምርት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለአራቱም ጥያቄ የሚመልስ ቡና የሚቆላ ድርጅት ካገኛችሁ፣ ምልክት ባይኖረውም ከእርሱ እገዛለሁ።