የቀን ወይስ የማታ? ጎንደር ላይ ልጇን ብቻዋን እያሳደገች ለምትማር እናት

ገቢሽ ትንሽ ነው፣ ልጁም ያለ አንቺ ሰው የለውም። ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ መማር ትፈልጊያለሽ። በቀን ይሻላል ወይስ በማታ?

ክፍያ፦ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ (የቀን) ተማሪ ከሆንሽ ወጪ መጋራት አለ። የምግብና የመኝታ ወጪሽን፣ ከትምህርቱ ወጪም 15 በመቶውን ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ትከፍያለሽ። የማታው በክሬዲት (በየኮርሱ ክብደት) ተሰልቶ በየምዝገባው ይከፈላል።

ገቢ፦ እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቀን ተማሪ ሥራዋን ትለቃለች። ዕዳው ይጠብቃታል፤ የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ግን አይጠብቁም። የማታዋ ቀን ፒያሳ ሱቅ ብትቀጠር፣ አራዳ ጉሊት ብትቸረችር እጇ ባዶ አይሆንም።

ልጁስ? ለእኔ ዋናው ይሄ ነው። ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። ማታ ግን ማን ያስተኛዋል? እናትሽ ወይም የምታምኛት ጎረቤት ከሌለች በማታ መማር በጣም ይከብዳል። አዘዞ እየኖርሽ ማራኪ ግቢ ከተማርሽ ደግሞ የምሽቱን የባጃጅ ሒሳብም አስቢ። ቀኑም የራሱ ስጋት አለው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሌላ ከተማ ሊጥልሽ ይችላል፤ ዶርም ደግሞ ልጅ ይዘሽ አትገቢም።

ጊዜ፦ የማታው ይረዝማል።

ልጅሽ ትምህርት ቤት ከገባ፣ ምደባሽ ጎንደር ከሆነና ቀለብ የሚደግፍሽ ዘመድ ካለ፣ ቀኑን ያዢ። ቋሚ ሥራና ልጅ የሚይዝልሽ ሰው ካለሽ የማታው ይሻልሻል። ልጁ ገና ጡት የሚጠባ ከሆነ፣ እህቴ፣ ትምህርቱን አንድ ዓመት ብታቆዪው አልቃወምሽም።